የየትኛው ወፍ?

የእድራችን መዝገብ ሽፋኑ ጥቁር ነው፤
ስም የማስገባው እኔ፣ ስም የምሰርዘው።
ሮተርዳም ደቡብ ላይ፣ ከማስ ወንዝ ማዶ፣
በወር አንድ እሁድ፣ ዝናብ ወርዶ ወርዶ፣
የትምህርት ቤት ጂም ነው የምንከራየው፤
ጫማችን ደጅ ቀርቶ
በካልሲ ነው የለቅሶ ሒሳብ የምናወራርደው።

ጋሽ ዘርጋው ሲያርፍ
የሳጥኑን፣ የአውሮፕላኑን፣ የማኅተሙን ጻፍኩና
"ምክንያት" ከሚለው ዓምድ ላይ እጄ ቆመና፤
ዓይኑ ቢጫ ነበር፣ ሆዱ እንደ ከበሮ፤
"የወፍ በሽታ" አልኩት፣ እንደ ድሮ ድሮ።
ልጁ ሶስና ነበረች ከትከሻዬ ኋላ፣
እዚሁ የተወለደች፣ "ረ"ን ከጉሮሮዋ የምትስብ።
"የየትኛው ወፍ?" አለች።

ምን ልበላት?
የሌሊት ወፍ ሸናችበት ልበላት፣
ወደቡ ክሬን ብቻ በሆነበት ከተማ?
በመስኮቱ አየሁ። ከፌርማታው ምሰሶ ላይ አንዲት የባሕር ወፍ
ሰው የሚጥለውን የድንች ጥብስ ትጠብቃለች።
እሷ ናት እንዳልል፣
ስለ ጉበት የምታውቀው የዓሣውን ብቻ ነው።

በቀጣዩ ስብሰባ ሶስና ሰው ይዛ መጣች፤
ሲስተር አንከ፣ ከከተማው ጤና ቢሮ፣
ጫማዋን ማንም ሳይነግራት ያወለቀች።
ሶስና አስተረጎመች፦
"ሄፓታይተስ ቢ ይባላል። ወፍ የለበትም። ደም ነው።
ከእናት ወደ ልጅ፣ በወሊድ። በምላጭ። በፍቅር አልጋ።
በጉርሻ አይደለም። በመጨባበጥ አይደለም።
ብዙ ዓመት ዝም ይላል።"

ዝም ማለትንስ እኛም እናውቅበታለን።
ሁሉም ካልሲውን አየ።
"ሆድ ይፍጀው" የምንል ሰዎች ነን፤
ሆድ ምን ያድርግ? ያገኘው ጉበቱን፣ እሱኑ ይፈጃል።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
"ይህ እድር ነው። የሞተ እንቀብራለን፤
ደም ልንቀዳ አልተዋዋልንም።"
ገንዘብ ያዥዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ተነሡ፣
አምስት ደቂቃ ላረፈደ ሁለት ዩሮ የሚቀጡ፣ ምሕረት የማያውቁ፤
"ሬሳ መላክ ስንት እንደሚፈጅ እኔን ጠይቁ!"
ብለው የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።
"ያልተመረመረም ይቀጣል። አምስት ዩሮ።"
ሳቅ ሆነ። ከሳቁ ኋላ ሰልፍ።

ፀጉር አስተካካዩ ክንፈ መስታወቱ ላይ ለጠፈ፦
"ለእያንዳንዱ ራስ አዲስ ምላጭ።"
ቄሱ ከቅዳሴ፣ ሼኹ ከጁምዓ በኋላ ያንኑ ወረቀት አነበቡ፤
ሁለቱም እዚያችው ቃል ላይ ተደናቀፉ አሉ።

ስልሳ ሁለት ሰው ደሙን ሰጠ። ሦስት ደብዳቤ መጣ።
ሁለቱ የማን እንደሆኑ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።
ሦስተኛው የኔ ነው።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤
መብራቱ በየደቂቃው ሲጠፋ
እንደሚሰናበት ሰው እጄን እያወዛወዝኩ አበራዋለሁ።
እናቴን አሰብኩ፤ ሳታውቅ ይዛው፣ ሳታውቅ
ከስሜ ጋር፣ ከምርቃቷ ጋር የሰጠችኝን።
ልወቅሳት ነበር።
እሷስ ማንን ትውቀስ?

ማታ ለትርንጎ ነገርኳት።
ሳህኑን ወደ መሃል ገፋችው፤
አንድ ሳህን፣ እንደ ወትሮው።
ሰኞ የመጀመሪያውን ክትባት ተወግታ መጣች፤
ክንዷን እያሸች "ከእልፍነሽ ቅጣት ይሻላል" አለች።
እኔም በስድስት ወር አንዴ ሆዴን አሳያለሁ፣
ኪኒን ካዘዙልኝ እውጣለሁ። ይኸው ነው።

ትናንት መዝገቡን ገልብጬ ከጀርባው ከፈትኩት፤
የተከተቡትን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ጻፍኩ፣ በሰማያዊ።
ከፊት ሙታን፣ ከኋላ እነዚህ፤
መሃል ላይ ገና ብዙ ነጭ ገጽ አለ።
የጋሽ ዘርጋውን መስመር ግን አልነካሁም።
"ወፍ" ከምትለው ቃል አጠገብ
ሶስና በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች።