ጠያቂ

ሴንያ ደሴት፣ ታኅሣሥ፤ ፀሐይ ከሄደች ሰንብታ፣
ቀን የሚሉት ሰማያዊ ጭላንጭል ነው፣ ከማታ እስከ ማታ።
ሱኒቫ ዳገቱን ትወጣለች፣ ጫማዋ ላይ የብረት ጥርስ አስራ፣
የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ነፋስ እየገፋት በግራ፤
አርባ አንድ ጥያቄ ይዛለች፣ ዩኒቨርሲቲው ያተመው፣
ርእሱ፦ «ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ሰው፣ ምኑን ነው የሚያመው?»

ሃልፍዳን፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣
ደሙ ታየ፣ ልቡ ታየ፣ የጆሮው ውስጥ ተበረበረ፤
ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የጣቢያውን ደጅ የጠና፣
(ደጅ ጥናትም ጥናት ነው፣ ማን መረመረውና።)
ሐኪሟ ቶርቢዮርግ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «ምንም የለም» ብላ ጻፈች፤
ሁሌም፣ ከፈረመች በኋላ፣ ብዕሩን እንደያዘች ቆየች።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሸሚዙ ላይ የእጥፉ መስመር፣
ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፤ አንዱ ዛሬ ከቁም ሣጥን የወጣ ነበር።

«ማዞሩ፣ ከዜሮ እስከ አሥር፣ ስንት ነው?»
«አሥር ምን? አሥር ክንድ? አሥር ክንድማ ወደብ ነው፣
ሕፃን የሚንቦጫረቅበት፤ የኔ መረብ መቶ ሃምሳም አልበቃው።»
ከዚያ ስለ ሞተር ድምፅ፣ ስለ ወንድሙ ጓንት፣ ስለ አስላውግ አወራ፣
የኮሪደሩን መብራት ሳታጠፋ ስለሄደች፤
እስካሁን እንደበራ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሰማያዊው ቀን አለቀ፤
ሠላሳ ሁለት ሳጥን ባዶ ነው። ሃልፍዳን ሳቀ፦
«ይገርማል፤ ከገባሽ ወዲህ ወለሉ አልተናወጠም።»
የተዘጋጀ ሳጥን ግን ለዚህ መልስ አልነበረም።

በነሱ ቋንቋ መጠየቅ ሌላ፣ የታመመ ማየት ሌላ ነው፤
በኔ አፍ ግን አንድ ቃል ነው፤
ወረቀት ይዞ ይምጣ ብርቱካን፣ ጠያቂ ጠያቂ ነው።
የቱን ሆና እንደሄደች ሱኒቫም አልለየችው።

ትሮምሶ፣ ሰኞ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ፕሮፌሰር ሲግቫልድ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣
«ግማሹ ያልተሞላ ይሰረዛል፤ ሰባ ሦስት ቁጥር ይውጣ» አለ።
እጁ ግን አልሰረዘም።
«ሌላ ካለ ይጠቀስ» ከሚለው ሥር፣ በእርሳስ፣ በጠባብ መስመር፣
ተማሪዋ የጻፈችው ነበር፦
«በቆየሁበት ሁለት ሰዓት ተኩል አልዞረበትም።»
አንዴ አነበበው፣ ደገመ፤ ለማንም አላየም።
«መለኪያው ራሱ ካሻረው፣» አለ በመጨረሻ፣
«የለካነው ምኑን ነው?»

አንዱ «ስሕተት ነው» አለ፤ አንዷ «ሕክምና ነው» አለች፤
ሱኒቫ የወረቀቱን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።
ደግሞ አንዱ ስለ በጀት አነሣ፣ በየሳምንቱ የሚጠይቅ ሰው ደመወዙ ከየት ይምጣ።
ክርክሩ ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀ፤
ሌላ ክፍል ገባ፣ ሰሌዳው ተጠረገ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሴንያ ላይ፣ ሃልፍዳን ሸሚዙን ተኮሰ።
ባለፈው የመጣችው ሐሙስ ነበር።