«የለም» የተጻፈበት ደብተር

ከመስታወት ኋላ አሥራ ስምንት ዓመት፣
ሥራዬ «የለም» ነው፤ ስልክ ማንሳት፣ መዝጋት።
ሜኒር ይሉኛል፤ ከዌልስ ተራሮች ሥር፣
ጣሪያው ጥቁር ድንጋይ፣ ዝናቡ የማይቆጠር፣
በዚች ትንሽ ከተማ፣ በሐኪሞቹ ቤት፣
ደጁን የምከፍት ነኝ፣ ደጁን የምዘጋበት።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ስልኩ ይፈነዳል፤
ሩብ እንኳ ሳይሞላ የዕለቱ ተራ ያልቃል።
«ሃያ ሦስተኛ ነዎት» ይላል ያ መኪና፣
ሙዚቃ ያስከትላል ደግሞ እንደገና፤
ሃያ ሁለት ሲደርስ መስመሩ ይቆረጣል፣
ሰውየው ሳሉን ይዞ ከአንድ ይጀምራል።

ኢድዋል ግን አይደውልም።
ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ ጆሮውን ባሩድ በላው፣
ሳንባው ውስጥ ብናኝ አለ፣ ማንም ያልጠረገው።
ሁሌ ጧት ከበሩ ቆሞ አገኘዋለሁ፣
ኮፍያው ውኃ ጠግቦ፤ «በስልክ ነው» እለዋለሁ።
ራሱን ይነቀንቃል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል፤
በማግስቱ ደግሞ እዚያው በር ይቆማል።
ግትር ሽማግሌ እለው ነበር በሆዴ።
ተራ ሰው ነው እንጂ ተራ አግኝቶ እንዴ!

በኅዳር ዶክተር ሺላጃ መጣች፤
የተማሪ ደብተር ፊቴ አስቀመጠች።
«የገባውን ተይው፣ ኮምፒዩተሩ ያውቃል፤
የመለስሽው ግን የት ነው የሚጻፈው?» አለች።
ቀለለኝ መጀመሪያ፤ መስመር ማስመር ብቻ።
ሰኞ አርባ አንድ። ማክሰኞ ሠላሳ ስድስት።
ረቡዕ ላይ መስመሮቹ ስም ማውጣት ጀመሩ፦
ጡቷ ያበጠባት የመንታዎች እናት፤
ሌሊት ወተት የሚያመላልሰው ሹፌር፣
እኛ ስልክ ስንከፍት እሱ የሚተኛ፤
ከላይኛው መንደር ያለች መበለት፣
አውቶቡሷ የሚገባው ሦስት ተኩል፣
ተራው ያለቀው ሁለት ከሩብ።
ደብተሩን ቤቴ ይዤ ሄድሁ፤ ባሌ «ምንድን ነው?» አለ፤
«ሒሳብ» አልሁት፤ ውሸትም አልነበረ።

በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን አሥራ ሁለት ሰው፤
ብስኩት ነበር፣ ሻይ ነበር፣ ክርክሩም እንዲሁ።
አንዱ ወንበር ይጨመር፣ አንዷ ግድግዳው ይቀባ፣
አንዱ መኪና ማቆሚያውን ይዞ ከዚያ አልወጣ አለ።
ኢድዋል ተነሣ። እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ፦
«መስታወቱን አንሡት።
የመንገዱ ብርሃን ያርፍበታል፤ ከንፈሯ አይታየኝም።
አሥር ዓመት ሙሉ ይቺ ልጅ
ምን እንደምትለኝ አላውቅም።»

ያ ሁሉ ፈገግታ፣ ያ ሁሉ መነቅነቅ
ለካ ጨዋነት ነው፤ እኔ አልሁት ድርቅና።

ሐሙስ ዕለት ጌቲን መፍቻውን ይዞ መጣ፣
ስምንት ብሎን ፈታ፣ መስታወቱ ወጣ።
ስልኩን ቀትር ላይም እንከፍታለን አሁን፤
ለአውቶቡሱ ሰዎች ስድስት ተራ ይቆያል፤
ሹፌሩን ማታ ላይ ዶክተሯ ትደውልለታለች።
ሐኪም ግን አልተጨመረም። ትናንትም
ዘጠኝ ሰው መልሻለሁ፤ ስማቸው ተጽፏል።

ዛሬ ኢድዋል መጣ፤ ኮፍያውን አወለቀ።
«ነገ፣ አራት ሰዓት» አልሁት ቀስ ብዬ፣
እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሬ ስዬ።
አፌን አየው፣ አየው፤ ሳቀና
«ለካ ፍንጭት ነሽ!» አለኝ።

ደብተሬን ገለጥሁት።
ለዚህ የሚሆን መስመር የለውም።