ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ግሮኒንገን፣ ጥር ወር። ቦዩ በረዶ ለብሶ፣
ራዲያተሩ ያቃስታል፣ ቀኑ ሳይነጋ ምሽት ደርሶ።
ዐሥራ አንድ ሰው ነበርን፣ ዐሥራ ሁለት ወንበር፤
በትርፏ ላይ ካፖርቱ ሁሉ ተከምሮ ነበር።
ጸሐፊው እኔ ነኝ። ማን ምን እንዳለ እጽፋለሁ፤
ሳል አልመዘግብም፣ ዝምታንም እዘላለሁ።

ነገሩ ለሰሚው ቀላል ነው።
የፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤቶች አገር ላገር የዘረጉት
የሕዝብ የመረጃ መረብ አለ፣ በደቂቃና በእሽግ የሚቆጥሩት፤
በዚያ ላይ የኢንተርኔቱን ጭነት እንዴት እናሳልፍ?
ይኸኛው ሳይደውል አይናገር፣ በር ሳይከፈት አይዘልቅም፤
ያኛው ደብዳቤውን ወርውሮ ይሄዳል፣ መልስ እንኳ አይጠብቅም።
ማጋባት ነው እንግዲህ፤ ሽማግሎቹ እኛ፣
ጥሎሹ አንዲት ባይት፣ ውሉ ዘጠኝ ገጽ በእንግሊዝኛ።

ያቺ ባይት በጥሪው ግንባር ተቀምጣ ደጅ የምትመታ፣
"የኢንተርኔት ቤተሰብ ነኝ" የምትል በሰላምታ፣
ሁለት መቶ አራት ትባላለች፣ ከድሮው ሰነድ የወረስናት፤
ለምን ይህ ቁጥር? ማንም አላወቀም ማን እንዳወጣላት።
ትቀየር፣ አትቀየር ስንል ጠዋቱ አለቀ።

ከምሳ በኋላ አንቀጽ ሰባት መጣ፦
መስመር ተከፍቶ፣ ከወዲያም ከወዲህም ቃል ከታጣ፣
ስንት ሰከንድ እንታገሥ? መቼ ነው "በቃ" የምንለው፣
መቼ ነው ዝምታ ዝምታነቱ ቀርቶ ስንብት የሚሆነው?

ሂልትየ እርሳሷን ነክሳ፣ "ይበቃል" አለች "ሠላሳ፤
ዝም ላለ መስመር ስንከፍል ኖርን፣ ካዝናው እየሳሳ።"
ከበርገን የመጣው ቶርሞድ፣ ለማስታረቅ ያህል፣ "ዘጠና።"
ቪበ ፖስትማ ግን፣ ሽበታሙ፣ የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሰው፣
"ዐሥር ደቂቃ" አለ። ክፍሉን ሳቅ አመሰው።
"ወፍጮ ያለው ንፋስ አይቁም ይላል!" ጮኸ አንዱ ከጥግ፤
"ቆጣሪው የማን ሆነና!"
ቪበ አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጫፍ ወለወለ፤
"ዝም ያለ ሁሉ አልሄደም" አለ። ሌላ ምንም አላለ።
ጻፍኩ፦ ዐሥር ደቂቃ፤ ከስልክ መሥሪያ ቤት፤ ደጋፊ አልተገኘለትም።
ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አልጻፍኩለትም።

ማታ ሻርፔን ረስቼ ተመለስኩ።
ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ሳንቲም ከሚበላው ስልክ ፊት፣ ቪበ ቆሟል አጎንብሶ።
"እኔ ነኝ" አለ። "ቦዩ ረግቷል፤ ልጆች ይንሸራተታሉ።"
ዝም አለ።
ሳንቲም ጨመረ። ዝም አለ።
ሳንቲም ጨመረ።
ብሄድ ጫማዬ ሊሰማ፣ ብቆም ነውር ሆነብኝ፤
ግድግዳ ታክኬ ቀረሁ እንደ ሌባ። ዘወር ሲል አየኝ።

አላፈረም።
"ባለቤቴ አፍከ ናት። ምላሷ ከታሰረ ሁለት ዓመቷ።
ቀፎውን ታነሣለች። ትሰማለች። አንዳንዴ፣ ወደ ዘጠነኛው ደቂቃ፣
በጥፍሯ ትመታዋለች፤ አንዴ፤ ጠቅ። በቃ።"
ከዚያ ካፖርቱን እየቆለፈ፣
"ቆጣሪው እኔንም ይቆጥረኛል" አለና አለፈ።

በማግሥቱ ረቂቁ ላይ፣ ከአንቀጽ ሰባት ግርጌ፣
አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ በሁለት ቁጥሮች መሀል ሸሽጌ፦
"ዝምታ ብቻውን የመለያየት ማስረጃ አይሆንም።"
ሂልትየ አነበበች፣ አየችኝ፣ ሰረዘች።
"ይህ ግጥም ነው፤ መሥፈርት አይደለም" አለች።
ከዚያ፣ እስክርቢቶዋ በአየር ላይ እንደቆመ፣ ትንሽ ቆየች፤
ሠላሳውንም ዘጠናውንም በአንድ መስመር አጠፋች፣
"ጊዜው በየተጠቃሚው ይወሰናል" ብላ ጻፈች።
ምክንያቷን አልጠየቅኩም። ድካም ይሆናል፤
የዐሥር ሰዓት ባቡር ነበራት።

ዐሥር እጅ ወጣ። ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም።
ቪበ ሰዓቱን አየ፣ ካፖርቱን ከክምሩ ሥር መዞ፣
ወደኔ ጎንበስ አለ፣ የታጠፈ ኖት ይዞ፦
"ጊልደር ትዘረዝርልኛለህ?"

ሦስት ነበሩኝ።