ልጅ ያለው ረድፍ

በአንድ ታንኳ ጫንሁት የማኅበሩን ነገር፣
ፎቶውን፣ ደረሰኙን፣ የዓሣውን ቁጥር፤
ሌላ ጀልባ የለኝም፣ ሌላም ጎተራ፣
አንድ ፋይል ብቻ፤ ይኸው ነው ሥራ።

ከሹም አቦ በታች፣ በቆርቆሮ ቢሮ፣
የእትዬ ዘውድነሽ ካርቶን ተቋጥሮ፤
ዘረገፉት ፊቴ፦ ምስጥ የበላው ደብተር፣
የሃያ ዓመት ቀረሶ፣ የአምባዛ ድምር።
«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይኼን ሁሉ ጉድ
ጣት በምታክል ፍላሽ ቋጥረህልኝ ሂድ፤
ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ኔትወርኩን አናምንም፣
ከትልቅ ሰርቨር ጋር ዝምድና የለንም።»

ሰንጠረዡ ቀላል፤ አራት ዓምድ አለው፦
ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ይዘቱ፣ አባቱ ማን ነው።
እንደ እኛው አገር ነው፤ ልጅ ባባት ይጠራል፣
አባትም በአያት፣ ወደ ላይ ይቆጠራል፤
ሰባት ቤት አልፎም ቢሆን ዜሮ ላይ ይቆማል።
ከዜሮ በላይ ግን አባት የለም፤
እሱን የወለደ አልተጻፈም።
ከባዱን ፎቶ ግን ቆራረጥሁት በልክ፣
ቁራጩን በቁጥር፣ ተራው እንዳይታወክ።

ሦስት ሌሊት ስጽፍ መብራቱ ሄደብኝ፣
ግማሽ ስም አፉ ላይ የቀረ መሰለኝ፤
ሲመጣ ከፈትሁት፦ ያው እንደ ነበረ፣
ወይ ሙሉ ገብቷል፣ ወይ ጭራሽ አልተጀመረ።
ታንኳ ሠሪው አያ ስንሻው ሰምቶ ሳቀ፦
«ግማሹ የታሰረ ደንገል ውሃ ላይ አይጣልም፤ ይኼን ማን ያላወቀ?
ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤
ሁለተኛውን እሰር፣ ይኼኛው ሳይሰምጥ።»
ገልብጬ አስቀመጥሁ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘውድነሽ ዝም ብለው ገቡ፤
መነጽራቸውን አውልቀው ወንበሩን ሳቡ።
«ውብነህን» አሉ፣ «ከዝርዝሩ አውጣው።
ቅዳሜ፣ ከደቅ መልስ፣ በማዕበል ነው ያጣነው።»

ጣቴ ሄደ። ሰርዝ፣ አልሁት።
እንቢ አለ።
ራሴ በጻፍሁት ሕግ፣ በቀይ ፊደል፦
ልጅ ያለው ረድፍ አይሰረዝም።

ቁጥሩን ተከትዬ ወደ ታች ወረድሁ፦
የማስገሪያ ፈቃዱ፤ ጥርሱ የታየበት ፎቶ፤
የመረቡ ዕዳ፣ አራት ሺህ ከስድስት መቶ፤
ከዚያ፣ ከሥሩ፣
አንጓች ውብነህ። ዐሥራ ሦስት ዓመት። የደብተር ድጎማ።
እሱን ካነሣሁት
የሷ መንገድ ዜሮ ጋ አይደርስም።

እትዬ ዘውድነሽ መነጽራቸውን መለሱ፣
ስሙን በጣታቸው እየነኩ አነበቡ።
«ተወው» አሉ።
ቆይተው፦ «ዕዳውንስ?»

ዕዳ ልጅ የለውም።
አንድ ጊዜ ነካሁት፣ ጠፋ።
የፋይሉ ክብደት ግን እንደ ነበረ ነው።