ሐረጎ ላይ ሦስት ሰከንድ

ሰኞ እስከ ቅዳሜ ሚዛን ላይ ነኝ እኔ፤
የሰው መኪና ነው የሚያልፈው ባይኔ።
ሲኖትራክ በሲሚንቶ፣ አይሱዙ በጤፍ፣
ክብደቱን መዝግቤ «እለፍ» ስለው ሲያልፍ፣
እኔ እዚያው እቀራለሁ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣
በሰው ጭነት ብዛት፣ ባቧራ ደንዝዤ።

ዛሬ ግን እሑድ ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣
ፖሊስ ዳር ላይ ቆሞ፣ ሲባጎ ተዘርግቶ፣
ከኮምቦልቻ መውጫ እስከ ሐረጎ ጫፍ
እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከባድ መኪና አያልፍ።
ዛሬ ሚዛን ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤
በኪሎ አይደለም፣ በሰከንድ ነው የሚመዝኑኝ።

ሴሊካዬ ቀይ ናት። ቀይ ነበረች ማለት።
የግራ በሯ ነጭ፣ ከሞተች እህቷ የፈታሁላት።
ከእኔ የምታንሰው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤
ጠዋት ሳታስል አትነሳም፣ ልክ እንደ ሰው።
ዘምዘም «ከምትገፋት ብታገባት» አለች፤
አለች እንጂ፣ ሌሊት
ካርቡራተር ስፈታ ባትሪ እያበራች
ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ አነጋች።

የደሴው ጥርስ ሐኪም ጓንት አጥልቆ መጣ፤
«ማንን ሊነቅል ነው?» ስንል ጆሮው ገባ፣
እሱው ከሁላችን ባሰ በሳቅ።
የሐይቁ ልጅ ሀሚድ ኮሮላውን አጥቦ
የእናቱን መቁጠሪያ መስተዋቱ ላይ ሰቅሏል።
የነጋዴው ልጅ በቢኤም፣ ከሁለት መካኒክ ጋር።
የእኔ መካኒክ፣ የእኔ ገፊ፣ ያው እኔው።
ቁጥሬን በነጭ ፕላስተር ለጠፍኩ፦ ዐሥራ ሰባት፣
በቀዩ በር ብቻ። ነጩ ላይ አይታይማ!
ሄልሜቱ የተዋስኩት ነው፤
ስፖንጁ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል።

ወንደይፍራው ጨርቁን ጣለ።

ፍሪሲዮን ለቀቅሁ። ሁለተኛ። ሦስተኛ።
ኮምቦልቻ በመስተዋቱ ውስጥ ጠበበች፣
ቦርከና ክር ሆነ፣
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጣት አከለች።
አንደኛው ኩርባ ላይ ጎማዬ ጮኸች፤
ሁለተኛውን ፍሬን ሳልነካ አለፍኩ፤
ሦስተኛው ላይ፣ ወላሂ፣ ዕድሜዬን ረሳሁ።
አራተኛው... አምስተኛው...
መሪው በእጄ ውስጥ እንደ ሐይቅ ዓሣ ሲፈራገጥ፣
ልቤ ከሞተሩ ጋር ባንድ ማርሽ ሲገባ፣
ጉሙ ወደ እኔ ሲወርድ፣ እኔ ጉሙን ስገባ፣

ስድስተኛው ኩርባ።

እዚህ ነው ይመር።
አምና ሐምሌ፣ ብረት ጭኖ ሲወጣ፣ ሞተሩ ከድቶት
ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሄደው።
መከላከያው እንደተሰበረ አለ፤ ማንም አልተካውም።
ያን ቀን ጠዋት ሚዛኔ
ስምንት ኩንታል ትርፍ ብሎ ነበር።
«ትንሽ ናት፣ አበጋዝ» አለኝ። ሳቀ።
የላጠውን ብርቱካን ግማሹን በመስኮት ሰጠኝ።
«እለፍ» አልኩት።

እግሬ ተነሳ።
እኔ አላዘዝኩትም፤ ነዳጁን በራሱ ለቀቀ።
ሴሊካዬ በጉሙ መሐል ቀስ ብላ አለፈች፣
ለቅሶ ቤት እንደምትገባ ሴት
ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጫፍ ላይ ሞሚና፣ የስፖርት መምህሯ፣ ሰዓቷን ተጫነች፦
«ሰባት ደቂቃ ከአራት!»
አራተኛ። ሐኪሙ ሦስተኛ።
ሀሚድ ትከሻዬን መትቶ
«በሦስት ሰከንድ! የት ጣልካት፣ ጋሼ?»
«ጎማ ነው» አልኩት።

ስመለስ መንገዱ ተከፍቷል።
በአንደኛ ማርሽ ወረድኩ፤ ስድስተኛው ጋ ስደርስ
ከኋላዬ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ለቀቀው፤
ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
«መንዳት ካልቻልክ ቁም!» አለ።
አሳለፍኩት።

ሰኞ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ።
ያው ሲኖትራክ። ሁለት ኩንታል ትርፍ።
አላወቀኝም። «ትንሽ ናት እኮ» አለ።
«አውርድ» አልኩት።
እየሰደበኝ ሲያወርድ መዳፌን አሸተትኩ፤
አሁንም መሪ መሪ ይላል።