የነሐሴ ደም

ከጮቄ የወረደ ጉም መስኮቱ ላይ ተኝቷል፤
ነሐሴ ነው፣ ማርቆስ ላይ ሰማዩ ሰንብቷል
ፊቱን ካዞረብን።

እኔ ክንድ አስራለሁ፣ ደም ሥር አስሳለሁ፣
ከእናት ሁለት ብልቃጥ፣ ከልጅ ግማሽ እቀዳለሁ።
ጥናት ነው። የቅጹ ርእስ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፦
ቫይታሚን ዲ፣ የሳንባ ቫይረስ፣ እናቶች፣ ሕፃናት…
እንዲህ እያለ ይረዝማል።

ባንቺአምላክ ግን ባጭሩ፦ «ደሜ ለምኑ ነው?»
«ፀሐይ ስንት እንዳለሽ ልናይ፤ አይዞሽ፣ ጥቂት ነው።»
ሣቀች፣ ልጇን እንዳቀፈች፦
«አረም ላይ ጀርባዬን ስትጠብሰኝ የኖረች፣
እሷ ፀሐይ ደሞ ደሜ ውስጥ መቼ ገባች?
ይልቅ የዚችን ትንፋሽ ቁጠሩልኝ፣ ቸኮለች።»

ቆጠርን፤ በደቂቃ ስልሳ አራት ይሆናል።
የትቅደም ጎን፣ ገና ሰባት ወሯ፣
እንደ አንጥረኛ ወናፍ ገብቶ ይወጣል።
የባሏ እናት በር ላይ ቆመዋል፣
ዳማከሴ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፤
ሽታው ከበረኪናው ጋር ይተናነቃል።

«ልጅሽ በቀን ስንት ደቂቃ ፀሐይ ትሞቃለች?»
ይላል ጥያቄ አሥራ ሦስት።
«ክርስትና እስክትነሣ ሰማንያ ቀን
ከጓዳ አልወጣንም፣ እሷም እኔም።
ከዚያ ዓይን አለ፤ ከዚያ ምች አለ፤ ከዚያማ ክረምት ገባ፤
እናንተስ አይታችኋታል ወይ?»
ቅጹ ለምች ቦታ የለውም፣ ለዓይንም።
ዜሮ ብዬ ጻፍሁ።

ማሽኑ ደሙን አዙሮ አዙሮ ሲያበቃ
ቀዩ ወደ ታች ዘቀጠ፣ ከላይ ቢጫ ውኃ ጠለለ፤
የመስከረም ማለዳ ይመስላል፣ በጣት የሚያዝ ቢሆን።
እንግዲህ ፀሐይን ልንለካ በበረዶ አሽገን
በአባይ በረሃ አሻግረን
አዲስ አበባ ላክናት።

መልሱ የመጣው በጥቅምት፣ አገሩ በብርሃን ሲፈነድቅ።
ባንቺአምላክ፦ አሥራ አንድ። ትቅደም፦ ስምንት።
«ሃያ መሙላት ነበረበት» ይላል የግርጌው ጽሑፍ።
ዶክተር ስማቸው ጣቱን አነሣ፦
«ይህ ያንን አመጣ አንልም።
አብረው ታዩ፤ የምንለው ይህን ብቻ ነው።»
አብረው ታዩ፤
እንደ ጭስና እንደ ጠባብ ቤት፣
እንደ ሳልና እንደ ሐምሌ።

ትቅደም በስድስተኛው ቀን ከኦክስጅኑ ተላቃ
በእናቷ ጀርባ በአማኑኤል መንገድ ሄዳለች።
ስልኩ የባሏ ነው። ደወልሁ፤
«ከአገልግሎት ክልል ውጪ» አለችኝ ያች ሴትዮ፣
የማትታክት።

ከዝርዝሩ ግርጌ ስም የሌለው ቁጥር አለ፦ ዘጠኝ።
የኔው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ማሽኑን ስንሞክር፣
ብልቃጥ እንዳይባክን ብዬ የሰጠሁት።

ጋዋኔን አወለቅሁ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰበሰብሁ፣
ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ጥላው ከሚያልቅበት ቆምሁ።
ዘበኛው ይርሳው ከባሕር ዛፉ ሥር አየኝና
ከልቡ ደነገጠ፦
«ኧረ አንች፣ ወደ ጥላው ግቢ! ምች ይመታሻል።»