አምስተኛው ጥያቄ

ሐምሌ ነው። ሞንቴቪዴዮ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤
የፌዴሬሽኑ መስኮት በነፋስ ይንኳኳል።
ሦስት ፈታኞች ተቀምጠናል፤ ፎርም ሞልቷል ጠረጴዛው፤
መሀላችን የማቴ ቅል፣ ከቀዘቀዘ ቆይቷል ውሃው።
እኔ ማኅተም ያዥ ነኝ። ሠላሳ ዓመት መትቻለሁ፤
ስንቱን "አሠልጣኝ ነህ" ብዬ በቀለም አጥምቄአለሁ።

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው ገባ፤
አንዱ ለብሔራዊ ቡድን ሰባ ጊዜ የተሰለፈ፣
ጉልበቱ ላይ ሦስት ጠባሳ፣ በየጋዜጣው የተጻፈ፤
አንዱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ቀስትና ክብ እየሣለ፣
"ኳስ ማለት ቁጥር ናት፣ ጌቶች፤ ቁጥር አይዋሽም" እያለ።
ሁለቱንም ወደድኳቸው፤ ማኅተሜም አልሰሰተ፤
ቀለሙ ገና ሳይደርቅ አሥራ አንደኛው በሩን ከፈተ።

ኤልቢዮ ኢራሳባል ይባላል፤ ከፍራይ ቤንቶስ የመጣ፣
ሌሊቱን በአውቶቡስ አድሮ ዐይኑ ደም መስሎ የወጣ።
የተጫወተው ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ሁለት ዓመት፣ ያውም ተቀያሪ፤
ከዚያ ማሊያ አጣቢ፣ ከዚያ ሾፌር፣ ከዚያ የታዳጊዎች መካሪ።
ጥፍሩ ሥር ነጭ ኖራ አለ፣ የሜዳ መስመር ያሠመረበት፤
ጉልበቱ ላይ ሰማያዊ ደብተር፣ ጥጉን ውሃ የበላበት።

ጠየቅነው። ስለ መከላከል፣ ስለ መልሶ ማጥቃት፣
ስለ ጡንቻና ስለ ዕረፍት፣ ስለ ቆመ ኳስ ምታት።
አራቱንም መለሰ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ፤
አንዱን ተሳሳተ፤ አመነ፤ ሊሸፍነው አልሮጠ።

አምስተኛው የእኔ ነበር፣ ሁልጊዜ የምጠይቅ፦
"ዋና አሠልጣኝ የሚያደርግህ ምንድን ነው? ንገረኝ እስቲ፣ ልወቅ።"

ዝም አለ።
ግራሲኤላ ሰዓቷን አየች።
ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧ ያንጠባጥባል።
ደብተሩን ገለጠ። ሥዕል የለም፤ ቀስት የለም፤ ክብ የለም፤
ስም ብቻ። ከስም ቀጥሎ ስም። አንዱም አልተደገመም።

"እነዚህ" አለ "ከቡድኑ የቀነስኳቸው ልጆች ናቸው፤
በአሥራ አራት ዓመት መቶ ስድስት። ወረቀት አልለጠፍኩባቸው፤
ጫማቸውን ሳይፈቱ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው የነገርኳቸው።
ያለቀሰ አለ። የሰደበኝ አለ። ኳሱን ፊቴ ላይ የለጋ አለ።
አንዱ 'እሺ' ብሎ ወጥቶ ሁለት ቀን ወንዝ ዳር ዋለ፤
ከእናቱ ጋር ዞረን ዞረን እኔው ነኝ ያገኘሁት፤
ዛሬ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ቡድኑን ያበላል በየእሑዱ ጠዋት።"

ገጹን ገለበጠ። ጣቱ አንድ ስም ላይ ቆመ፤
ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ከንፈሩ እንደ ሕፃን ተጣመመ።
"ሲሪሎ። የግራ ተመላላሽ። ከአብራኬ የወጣ ነው።
'አትሰለፍም' ያልኩት በዋንጫው ዋዜማ፣ ራት ላይ ነው።
የወንዝ ማዶው ልጅ ይሻል ነበር። በትንሽ። በጣም በትንሽ።
ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ 'በትንሽ?' አለች፣ 'በትንሽ?'

አሸነፍን።
ሲሪሎ ዋንጫውን ሳይነካ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ፤
ስድስት ዓመት ሆነው፤ ደውሎ አያውቅም፤ ልጅም ወለደ፤
የልጁን ስም ከሰው ነው የሰማሁት።"

"ስህተት ነበር?" አለች ግራሲኤላ።
"አላውቅም፣ እመቤቴ። በሕልሜ በየሌሊቱ አሰልፈዋለሁ እኔ፤
አንዳንዴ እንሸነፋለን። ደስ ይለኛል ያኔ።"

ፎርሙ ላይ "ልምድ" የሚል ሳጥን አለ፤ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላ፤
ብዕሬን ነክሼ ቀረሁ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ እንደ ተላላ።
እኔ ራሴ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከአንድ ክለብ በር ቆሜ፣
ከተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ሦስቴ ተፈልጎ ጠፋ ስሜ።
ዝናብ ነበር። "ቀለሙ ፈስሶ ይሆናል፣ ምናልባት" አልኩኝ፤
ማንም ወጥቶ አልነገረኝ፤ እስከ ዛሬ "ምናልባት" ነው የቀረኝ።

ማኅተሙን አነሣሁ። መታሁ። ከሌላው ቀን ጠንከር ሳይል አልቀረም፤
ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ግራሲኤላ ቀና አለች፤ አልተናገረችም።
እሱ ወረቀቱን ሳያይ ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከተተና፣
"የፍራይ ቤንቶስ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ፤
"ነገ ቅዳሜ ነው፤ መስመሩን ሳልቀባ እንዳይረፍድብኝ።
ደግሞ አንድ ልጅ አለ፣
የምነግረው።"